ጥላን በመለካት ምድርን ማወቅ፤ ጥንታዊ ሳይንስን ለሕፃናት በተግባር የማስተማር ዘዴ

በአዲስ አበባ ከተማ በዓመት ውስጥ ሁለት ቀናት እኩለ ቀን ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ ጥላ የለውም። ዕለታቱ ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 24 ወይም ከእነዚህ አንድ ቀን ቀደም አለያም ዘግየት ያሉ ናቸው። በእነዚህ ቀናት ፀሐይ በከተማዋ አናት ላይ ስለምታልፍ የሰንደቅ ዓላማ መስቀያውም ሆነ በትምህርት ቤት ግቢ የቆመው ልጅ ጥላቸው ከሥራቸው ተሰብስቦ ይቀራል።

በከተማዋ ተወልደው ያደጉ፣ ከአንደኛ ክፍል እስከ ዩኒቨርሲቲ የዘለቁ በርካታ ሰዎች ግን ይህን ክስተት ልብ ብለውት አያውቁም። ስለ ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ ስለ ወቅቶች መፈራረቅና ስለ ምድር ዙሪያ ልክ በመጽሐፍ ተምረዋል፤ በፈተናም መልሰው አልፈዋል። በገዛ ግቢያቸው የሚታየውን ማስረጃ ወጥተው እንዲመለከቱ የጠየቃቸው ግን አልነበረም።

ይህ ክፍተት ቀላል ተደርጎ የሚታይ አይደለም። ሳይንስ የተዘጋጁ መልሶች ስብስብ ሆኖ በሚቀርብበት ክፍል ውስጥ ሕፃናት የሚይዙት የታወቀውን ነገር ብቻ ሲሆን፣ ነገሩ እንዴት ሊታወቅ እንደቻለ የሚያሳየው መንገድ ይቀርባቸዋል። መንገዱን ያላወቀ ተማሪ ደግሞ የተማረውን ለመፈተሽም ሆነ አዲስ ጥያቄ ለማንሣት ይቸገራል። ጥንታዊ ሳይንስን በተግባር ማስተማር ይህን ክፍተት ለመሙላት ከሚያስችሉ ዘዴዎች አንዱ ነው።

ጥንታዊው ሳይንስ ለምን ተመረጠ?

የጥንት ሊቃውንት ቴሌስኮፕም ሆነ ኤሌክትሪክ አልነበራቸውም። የነበራቸው ዘንግ፣ ገመድ፣ ውሃ፣ ድንጋይና ጥላ እንዲሁም የተመለከቱትን በጥንቃቄ የመመዝገብ ትዕግሥት ነው። በመሆኑም እነርሱ የደረሱባቸውን ግኝቶች ዛሬ ቤተ ሙከራ በሌለው የገጠር የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ መድገም ይቻላል። ዘመናዊውን ፊዚክስ በተግባር ለማሳየት ውድ መሣሪያ የሚያስፈልግ ሲሆን፣ ጥንታዊውን ለማሳየት ግን የትምህርት ቤቱ ሜዳና ጥቂት ቁሳቁስ ይበቃሉ።

ከዚህም በላይ የጥንቱ ሳይንስ እያንዳንዱ እርምጃ በዓይን የሚታይ ነው። ሕፃኑ ዘንጉን ይተክላል፣ ጥላውን ይለካል፣ ቁጥሩን ይጽፋል፣ ከጓደኛው ቁጥር ጋር ያስተያያል። መልሱ ከየት እንደመጣ በራሱ እጅ ስላለፈ ያውቀዋል።

ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት በዓለም ላይ በስፋት የሚጠቀሰው ምሳሌ ኤራቶስቴንስ የተባለው ሊቅ ምድርን የለካበት ዘዴ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ276 ዓመት ገደማ በቀሬና የተወለደው ኤራቶስቴንስ በግብፅ የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበር። በዓባይ ወንዝ ዳር በምትገኘውና ዛሬ አስዋን በምትባለው በሲየኔ ከተማ በበጋው ረጅም ቀን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በአናት ላይ እንደምትሆን፣ በዚያው ዕለት በእስክንድርያ ግን ዘንግ ጥላ እንደሚጥል ያውቅ ነበር። የእስክንድርያው ጥላ የሚያሳየውን ማዕዘን ሲለካ የሙሉ ክብ አንድ ሃምሳኛ፣ ማለትም 7.2 ዲግሪ ሆኖ አገኘው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 5 ሺህ ስታድያ ተብሎ ይቆጠር ስለነበር፣ ይህን በ50 አባዝቶ የምድር ዙሪያ 250 ሺህ ስታድያ ነው የሚል ውጤት ላይ ደረሰ።

ሊቁ ራሱ የጻፈው መጽሐፍ ጠፍቷል። ዘዴው የታወቀው ከእርሱ በኋላ የኖሩ ጸሐፍት ባስተላለፉት መግለጫ ነው። አንድ ስታድያ በዛሬ መለኪያ ስንት ሜትር እንደነበረም ተመራማሪዎች አይስማሙም። ከ157 እስከ 185 ሜትር የሚደርሱ ግምቶች የሚሰጡ ሲሆን፣ በዚህ መሠረት የሊቁ ውጤት ከ39 ሺህ እስከ 46 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሆናል። በዘመናዊ መሣሪያ የተለካው በዋልታዎች በኩል የሚያልፈው የምድር ዙሪያ 40 ሺህ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአንድ ዘንግና በአንድ ጥላ የተገኘው ውጤት ለእውነታው ይህን ያህል መቅረቡ ሕፃናትን የሚያስደንቅ ትምህርት ነው።

የፈረንሳይ ልምድ

ይህን ጥንታዊ ልኬት ወደ ክፍል ውስጥ በማምጣት ረገድ የፈረንሳይ ልምድ ተጠቃሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በፊዚክስ የኖቤል ተሸላሚ የሆኑት ዦርዥ ሻርፓክ፣ ከሳይንስ አካዳሚ አባላት ከፒየር ሌናና ከኢቭ ኬሬ ጋር በመሆን እ.ኤ.አ. በ1996 "ላ ማ አ ላ ፓት" የተሰኘ የሳይንስ ማስተማሪያ መርሐ ግብር መሠረቱ። ስያሜው እጅን ሊጥ ውስጥ ማስገባት ማለት ሲሆን፣ ሳይንስ ሲወራ ከመስማት ይልቅ ሲሠራ መማር እንደሚገባ ያመለክታል።

መርሐ ግብሩ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ "በኤራቶስቴንስ ፈለግ" በሚል ርዕስ በተለያዩ አገሮች የሚገኙ ተማሪዎች እኩለ ቀን ላይ ጥላ ለክተው ውጤታቸውን እርስ በርስ እንዲለዋወጡ አድርጓል። አንድ ትምህርት ቤት ብቻውን የምድርን ዙሪያ በዚህ ዘዴ ሊያገኝ ስለማይችል ርቆ የሚገኝ የሌላ ትምህርት ቤት መረጃ ይሻል። በዚህም ተማሪዎቹ ሳይንስ የጋራ ሥራ መሆኑን ይገነዘባሉ።

በፈረንሳዩ ልምድ እያንዳንዱ ተማሪ የሙከራ ደብተር አለው። በደብተሩ ላይ መጀመሪያ የራሱን ግምት፣ ቀጥሎ ያደረገውን ሙከራና ያየውን፣ በመጨረሻም ከክፍሉ ጋር ተወያይቶ የደረሰበትን መደምደሚያ በራሱ ቃላት ይጽፋል። ግምቱ ስሕተት ሆኖ ቢገኝ አይሰረዝም፤ አስተሳሰቡ እንዴት እንደተለወጠ የሚያሳይ ማስረጃ ሆኖ ይቀመጣል።

አዲስ አበባና አክሱም በአንድ መስመር ላይ

የኢትዮጵያ አቀማመጥ ለዚህ ልኬት እጅግ የተመቸ ነው። ዘዴው ትክክለኛ ውጤት የሚሰጠው ሁለቱ ቦታዎች በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ሲሆኑ ነው። እስክንድርያና አስዋን ከዚህ አንጻር 3 ዲግሪ ያህል ይለያያሉ። አዲስ አበባና አክሱም ግን ሁለቱም 38.7 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ አካባቢ በመሆናቸው አንዱ ከሌላው በስተሰሜን ቀጥ ብሎ የሚገኝ ነው ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ፣ አክሱም ደግሞ ከ14 ዲግሪ ጥቂት በሚያልፍ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ይገኛሉ።

ለሥራው የሚያስፈልገው 1 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ዘንግ፣ ዘንጉ አለማዘንበሉን ለማረጋገጥ ግንበኞች የሚጠቀሙበት ቱንቢ ወይም በሲባጎ የታሰረ ድንጋይ፣ መሬቱ ደልዳላ መሆኑን ለማየት ውሃ ልክ፣ እንዲሁም ሜትር፣ ጠመኔና ሰዓት ነው። ተማሪዎች ከቀኑ 6 ሰዓት ጀምረው በየ5 ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠመኔ ምልክት ያደርጋሉ። ጥላው እያጠረ ሄዶ እንደገና መርዘም ሲጀምር ከሁሉም አጭሩ የእኩለ ቀን ጥላ ነው።

እዚህ ላይ ሕፃናቱ ያልጠበቁት ነገር ያገኛሉ። በሚያዝያ ወር በአዲስ አበባ ጥላው ከሁሉ የሚያጥረው ልክ 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን 6 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው። ምክንያቱም የአገሪቱ ሰዓት የተቃኘው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ሲሆን፣ ከተማዋ ከዚያ በስተምዕራብ ከ6 ዲግሪ በላይ ርቃ ትገኛለች። ምድር 1 ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት ልዩነቱ 25 ደቂቃ ይሆናል። ሰዓት የሰዎች ስምምነት መሆኑን፣ ፀሐይ ግን በራሷ መንገድ እንደምትሄድ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ማሳያ አይገኝም።

ሚያዝያ 5 ቀን በአዲስ አበባ ዘንጉ ጥላ ሲያጣ፣ በአክሱም በዚያው ደቂቃ የተተከለው 1 ሜትር ዘንግ ወደ ሰሜን 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ጥላ ይጥላል። ተማሪዎች ዘንጉንና ጥላውን በወረቀት ላይ አሳንሰው በመሣል የሚፈጠረውን ማዕዘን በማዕዘን መለኪያ ሲለኩ 5.1 ዲግሪ ያህል ያገኛሉ። ይህ ቁጥር በሙሉ ክብ ውስጥ 70 ጊዜ ተኩል ያህል ይገኛል። በካርታ ላይ በማስመሪያና በመጠነ ልኬት የሚገኘው የሁለቱ ከተሞች የቀጥታ ርቀት 565 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ሁለቱ ሲባዙ ውጤቱ 40 ሺህ ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል።

ተማሪዎች በካርታው ርቀት ፈንታ የመኪና መንገዱን ርቀት ቢወስዱ ግን ውጤቱ ፈጽሞ ይዛባል፤ መንገዱ ተራራና ሸለቆ እየዞረ የሚሄድ በመሆኑ ከቀጥታው ርቀት በእጅጉ ይበልጣል። በተመሳሳይ የጥላው ልኬት በ1 ሴንቲ ሜትር ቢሳሳትና 10 ሴንቲ ሜትር ተብሎ ቢመዘገብ የምድር ዙሪያ ወደ 35 ሺህ 600 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ጥቂት ስሕተት በመጨረሻው ውጤት ላይ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚወጣ ሕፃናት በዚህ መንገድ ሲያዩ ለጥንቃቄ የሚሰጡት ዋጋ ይጨምራል።

ዕድሜያቸው ለዚህ ስሌት ያልደረሰ ተማሪዎችም የሚሳተፉበት መንገድ አለ። በጠፍጣፋ ካርቶን ላይ ሁለት የጥርስ ስንጥር ተክለው ፀሐይ ላይ ሲያወጡት የሁለቱ ጥላ እኩል ይሆናል። ካርቶኑን ሲያጎብጡት ግን አንዱ ከሌላው ይረዝማል። ስንጥሮቹን በብርቱካን ላይ ተክለው ቢደግሙትም ተመሳሳይ ነገር ያያሉ። የጥላ ልዩነት ከምድር ክብነት ጋር ያለው ግንኙነት ያለ አንዳች ቀመር ግልጽ ይሆንላቸዋል።

የነሐሴው ዕለት በክረምት ደመናና በትምህርት ቤቶች መዘጋት ምክንያት ለሥራው ስለማይመች ሚያዝያ ተመራጭ ነው። ከዚያ ውጭ ባሉት ወራትም ልኬቱ ትርጉም አለው። በታኅሣሥ አጋማሽ የ1 ሜትር ዘንግ የእኩለ ቀን ጥላ በአዲስ አበባ ወደ ሰሜን 64 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲረዝም፣ በሰኔ አጋማሽ ደግሞ ወደ ደቡብ 26 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። በሰሜኑ የዓለም ክፍል የተዘጋጁ መጻሕፍት እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሁልጊዜ በስተደቡብ እንደምትታይ ይገልጻሉ። የኢትዮጵያ ልጅ ግን ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ በስተሰሜን ያገኛታል። በመጽሐፍ የተጻፈ ነገር ለሁሉም ቦታ እንደማይሠራ በራሱ ልኬት ማረጋገጥ ይችላል።

የአገር በቀል ዕውቀት ድርሻ

ጥላን መለካት ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነገር አይደለም። ሰዎች የራሳቸውን ጥላ በጫማ ልክ እየለኩ ሰዓት ይለዩ እንደነበር የሚያሳዩ የጥላ ሰንጠረዦች በግዕዝ የብራና ጽሑፎች ውስጥ ተመዝግበው ይገኛሉ። ቀኑን ከንጋት ጀምሮ የሚቆጥረው የኢትዮጵያ የሰዓት አቆጣጠርም ከፀሐይ ጉዞ ጋር የተሣሠረ ነው። ተማሪዎች እርስ በርስ ጥላቸውን በራሳቸው እግር ሲለኩ ረጅሙም አጭሩም ልጅ ተቀራራቢ ቁጥር እንደሚያገኙ ይገነዘባሉ፤ ቁመቱ የሚረዝም ሰው እግሩም በዚያው መጠን ስለሚረዝም ነው።

ሙሉ ይዘቱ በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየው መጽሐፈ ሄኖክ ፀሐይ በምሥራቅ በኩል ካሉ ስድስት በሮች እየተፈራረቀች እንደምትወጣ፣ በምዕራብ በኩልም በስድስት በሮች እንደምትገባ ይገልጻል። ይህ አገላለጽ ፀሐይ የምትወጣበት ቦታ በአድማስ ላይ ከወር ወር እንደሚሸጋገር ከመመልከት ጋር የተያያዘ ነው። ተማሪዎች ከግቢያቸው አንድ ቋሚ ቦታ ላይ ሆነው በፊት ለፊታቸው ያለውን የተራራ ሰንሰለት በወረቀት ላይ ሥለው፣ ፀሐይ በየወሩ የወጣችበትን ጫፍ ምልክት ቢያደርጉ በአንድ ዓመት ውስጥ የራሳቸው የአድማስ ካሌንደር ይኖራቸዋል።

ባሕረ ሐሳብ የተባለው የዘመን ቆጠራ ስሌትም ለሒሳብ ክፍለ ጊዜ የሚሆን ተግባር ይዟል። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን፣ 12 የጨረቃ ወራት ደግሞ 354 ቀን በመሆናቸው በመካከላቸው የ11 ቀን ልዩነት አለ። ተማሪዎች ለየዓመቱ 11 ጠጠር እየጨመሩ ድምሩ ከ30 ሲያልፍ 30 ጠጠር ያነሣሉ፤ የሚቀረው አበቅቴ ይባላል። የ2016 ዓ.ም አበቅቴ 20 ነበር። 11 ሲጨመርበት 31 ይሆናል፤ 30 ሲነሣለት የ2017 ዓ.ም አበቅቴ 1 ይሆናል። ለ2018 ዓ.ም ደግሞ 12 ይመጣል። አበቅቴ ከ30 ላይ ሲቀነስ የሚገኘው መጥቅዕ ነው። ቁጥሮቹ በየ19 ዓመቱ የሚደጋገሙ ሲሆን፣ ይህም 19 የፀሐይ ዓመታት ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር በጥቂት ሰዓታት ልዩነት ብቻ እኩል በመሆናቸው ነው። ይኸው ዑደት በባቢሎንና በግሪክ ሊቃውንትም ዘንድ ይታወቅ ነበር።

ከገመድ እስከ ሐውልት

ሌላው ቀላል ተግባር በ12 እኩል ክፍል የተቋጠረ ሲባጎ ነው። ሦስት ተማሪዎች ሲባጎውን በ3፣ በ4 እና በ5 ክፍሎች ወጥረው ሲይዙት ትክክለኛ ቀጤ ማዕዘን ይፈጠራል። ዛሬም የቤት መሠረት የሚያወጡ ግንበኞች በዚህ የቁጥር ዝምድና ይጠቀማሉ። ከ3 ሺህ 700 ዓመታት በፊት በባቢሎን በሸክላ ላይ የተጻፈ ሰንጠረዥ ይህን የመሰሉ የቁጥር ስብስቦችን ይዟል። የጥንት ግብፃውያን ባለ 12 ቋጠሮ ገመድ ይጠቀሙ ነበር የሚለው በብዙ መጻሕፍት የሚነገር ታሪክ ግን በቂ ማስረጃ የሌለው በመሆኑ፣ መምህራን እንደተረጋገጠ አድርገው ከማቅረብ ሊቆጠቡ ይገባል።

የአክሱም ሐውልቶች ደግሞ ለተማሪዎች መልሱ ያልታወቀ ጥያቄ ያቀርባሉ። እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮም ተወስዶ በ2005 የተመለሰውና በ2008 ዳግም የቆመው ሐውልት ቁመቱ 24 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ወድቆ የሚገኘው ትልቁ ደግሞ 33 ሜትር ያህል ርዝመትና ከ500 ቶን በላይ ክብደት እንዳለው ይገመታል። ድንጋዮቹ የተፈለጡት ከከተማዋ በስተምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው የጎበድራ ኮረብታ ነው። በምን ዘዴ እንደተጓጓዙና እንደቆሙ የሚገልጽ የዘመኑ ጽሑፍ የለም።

ተማሪዎች አንድ ጡብ በሲባጎ አስረው በላስቲክ ሲጎትቱ ላስቲኩ ምን ያህል እንደሚለጠጥ ይለካሉ። ከዚያም ክብ እርሳሶችን ከሥሩ ደርድረው፣ ቀጥሎም መሬቱን አርጥበው፣ በመጨረሻም ተዳፋት ሠርተው ይደግሙታል። የትኛው ዘዴ ጉልበት እንደሚቆጥብ ካወቁ በኋላ የአክሱም ሰዎች የትኛውን ሊጠቀሙ ይችሉ እንደነበር ምክንያት አቅርበው ይከራከራሉ። ጥያቄው ለመምህሩም ለተማሪውም እኩል ክፍት በመሆኑ በክፍሉ ውስጥ የተለየ መነቃቃት ይፈጥራል።

በባስራ ተወልዶ በካይሮ የኖረው ኢብን አል ሐይሰም በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስለ ብርሃን በጻፈው መጽሐፍ ብርሃን በቀጥታ መስመር እንደሚጓዝ በሙከራ አሳይቷል። ይህን ለመድገም አንድ ካርቶን ሣጥን በመርፌ በስቶ ከበስተጀርባው ስስ ወረቀት መለጠፍ ይበቃል፤ ከውጭ ያለው ዛፍ ተገልብጦ በወረቀቱ ላይ ይታያል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም በላሊበላና አካባቢው የታየውን የመሰለ የፀሐይ ግርዶሽ ሲከሰትም በሣጥኑ አማካይነት ያለ ጉዳት መከታተል ይቻላል። ተማሪው ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ በወረቀቱ ላይ ያረፈውን ምስል ብቻ ሊያይ ይገባል። በቀዳዳው በኩልም ሆነ በባዶ ዓይን ፀሐይን መመልከት ዓይንን ለዘለቄታው ስለሚጎዳ በማንኛውም የጥላ ትምህርት ላይ የመጀመሪያው ማሳሰቢያ ይኸው ሊሆን ይገባል።

ጥንታዊ መሆን ብቻውን ትክክል አያደርግም

ይህን ትምህርት ከሚያሰናክሉ ችግሮች አንዱ የጥንቱን ሁሉ እንደማይሳሳት አድርጎ ማቅረብ ነው። ታላቁ አርስጣጣሊስ ከባድ አካል ከቀላል ፈጥኖ ወደ መሬት እንደሚወድቅና ፍጥነቱም ከክብደቱ ጋር እንደሚመጣጠን አስተምሮ ነበር። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ የኖረው ዮሐንስ ፊሎፖኑስ በክብደት እጅግ የሚለያዩ ሁለት ነገሮች ከአንድ ከፍታ ቢለቀቁ የሚያርፉበት ጊዜ ልዩነት በጣም ጥቂት መሆኑን በመጻፍ ይህን ተቃውሟል። ጋሊሊዮ ጉዳዩን በስፋት የመረመረው ከዚያ 1 ሺህ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ማንኛውም ሕፃን አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ድንጋይ በአንድ ጊዜ ለቅቆ ድምፃቸውን በማዳመጥ ክርክሩን መፍረድ ይችላል።

ሁለተኛው ችግር ተግባሩን ጨዋታ ብቻ አድርጎ ማስቀረት ነው። ሣጥን ሠርቶ መበተን ወይም ጥላ ለክቶ መመለስ ብቻውን ትምህርት አይሆንም። ከሥራው በፊት ግምት ካልተጻፈ፣ ከሥራው በኋላም ውይይት ካልተደረገ እጅ ሲሠራ አእምሮ ያርፋል። ሦስተኛው ደግሞ መምህሩ መልሱን አስቀድሞ መናገሩ ነው። መልሱን ሰምቶ የወጣ ተማሪ የሚለካው የተነገረውን ቁጥር ለማግኘት ስለሆነ፣ ያየውን ትቶ የተነገረውን ይጽፋል።

ከአስተዳደሩ ምን ይጠበቃል?

ከቁሳቁሶቹ ዋጋ አኳያ ሲታይ ዘዴው ተግባራዊ ያልሆነበት ምክንያት የገንዘብ እጥረት ነው ለማለት አይቻልም። እንቅፋቱ በአመዛኙ ከአሠራር ጋር የተያያዘ ነው። የእኩለ ቀን ልኬት ከክፍለ ጊዜ ደወል ጋር አይገጣጠምም። ተማሪዎችን ወደ ሜዳ ያወጣ መምህር ክፍሉን እንደተወ ሊቆጠርበት ይችላል። የማስተማሪያ መጽሐፉን በወቅቱ የመጨረስ ግዴታም አለበት። እነዚህ ሁሉ በትምህርት ቤት፣ በወረዳና በክልል ደረጃ በሚሰጥ ውሳኔ ሊፈቱ የሚችሉ ናቸው።

በቅድሚያ ትምህርት ቤቶች በዓመታዊ ዕቅዳቸው ውስጥ ለተግባራዊ ምልከታ የተወሰኑ ቀናትን ቢመድቡ ከደወሉ ጋር ያለው ግጭት ይቀንሳል። በጉድኝት ማዕከላት የሚሰጠው ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ሥልጠናም መምህራን ልኬቱን ለተማሪ ከማቅረባቸው በፊት ራሳቸው ሠርተው የሚያዩበት መድረክ ሊሆን ይችላል። የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ደግሞ ዕጩ መምህራን ቢያንስ አንድ የዓመት ሙሉ የጥላ መዝገብ ይዘው እንዲመረቁ ማድረግ ይችላሉ።

የክልል ትምህርት ቢሮዎች በሰሜንና በደቡብ የሚገኙ ትምህርት ቤቶችን በማጣመር ረገድ ድርሻ አላቸው። ለዚህ የሚያስፈልገው በልኬቱ ዕለት የሚደረግ አንድ የስልክ ጥሪ ነው። በሩቅ ክልል የሚገኝ ያልታወቀ ጓደኛ የለካው ቁጥር ከሌለ የራስ ሥራ እንደማይሟላ የተረዳ ሕፃን ከሳይንሱ ባሻገር የሚያገኘው ትምህርት አለ።

ከሁሉም በላይ ግን ወሳኙ የምዘና ሥርዓቱ ነው። ፈተናው የኤራቶስቴንስን ስምና የምድርን ዙሪያ ልክ ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ መምህሩም ተማሪውም ወደ ሜዳ የሚወጡበት ምክንያት አይኖርም። ሁለት የጥላ ርዝመቶችን ሰጥቶ "ከዚህ ምን ትረዳለህ? ልኬቱ የት ላይ ሊሳሳት ይችላል?" ብሎ የሚጠይቅ ፈተና ግን የክፍሉን አሠራር ይለውጣል። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው በመላ አገሪቱ አሳሳቢ ሆኖ ነበር። ለዚህ ውጤት ብዙ ምክንያቶች ያሉ ሲሆን፣ የጥላ ልኬት ብቻውን የሚፈታው ችግር አይደለም። ሆኖም በ12ኛ ክፍል የሚታየው የመረዳት አቅም መሠረቱ የሚጣለው በታችኞቹ ክፍሎች በመሆኑ፣ ሕፃናት ከመጀመሪያው ዓመታት አንሥቶ በማስረጃ ማሰብን እንዲለምዱ ማድረግ ሊታለፍ የማይገባው ሥራ ነው።

ፀሐይ በየዓመቱ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ በአዲስ አበባ አናት ላይ ማለፏን ትቀጥላለች። በዚያ ዕለት ከ6 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ በየትምህርት ቤቱ ግቢ ዘንግ ተክለው የሚጠብቁ ሕፃናት እንዲኖሩ ማድረግ የርእሳነ መምህራን፣ የሱፐርቫይዘሮች፣ የትምህርት ጽሕፈት ቤቶችና በየደረጃው የሚገኙ ኃላፊዎች የጋራ ተግባር ሊሆን ይገባል።